ሰርጤውን የዞረው ስልክ

የባለቤቴ እህት ቡና ከሚዛን የተመለሰው በእኔ ቃል ነው። አስቀድሜ ልጻፈው። ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ባቆየው ቁጥር ለራሱ የሚመች መልክ ይሰጠዋል።

የምኖረው ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ በቤቱ ያለነው እኔ፣ ትልቁ ልጄ፣ ሚስቱና ልጆቻቸው ነን። ማንበብና መጻፍ የተማርኩት በመሠረተ ትምህርት ነው፤ ከዚያ በላይ ክፍል ውስጥ አልተቀመጥኩም። የቀረውን ያገኘሁት ከራዲዮ ነው። ባለቤቴ ከውጭ አገር በአማርኛ የሚተላለፈውን ዜና አንድ ቀን አያሳልፍም ነበር። እሱ ይሰማል፣ እኔ እፈርዳለሁ። እሱ ከሄደ በኋላ ብቻዬን ለግድግዳ መፍረድ ሲያስጠላኝ ራዲዮኑን ወደ በረንዳ አወጣሁት።

በረንዳው መንገድ ዳር ነው። ከጎናችን ባለው ቤት ጡረታ የወጡ አስተማሪ ይኖራሉ። በወጣትነታቸው ከሸዋ ተመድበው መጥተው እዚሁ የቀሩ፣ ጾማቸውን የማያፈርሱ ክርስቲያን ናቸው። እኔ የአስርን ሶላት ሰግጄ ስወጣ እሳቸው ከዘራቸውን ይዘው ይመጣሉ። እኔ ከራዲዮው፣ እሳቸው ከስልካቸው ወሬ እናዋጣለን። የባጃጅ ሾፌሮች ሲያልፉ ፍጥነት ቀንሰው፣ «እማማ፣ ዛሬ ማን ላይ ፈረዱ?» ይሉኛል። እኔም እነግራቸዋለሁ።

ፍርዴ ቀላል ነው። አገርን እንደ ጎረቤት ነው የማየው። ትልቁ አገር ትንሹ ውስጥ ጦር ሲያስገባ ድንበር ገፊ ነው፤ ሌላ ስም የለውም።

«እትዬ፣ ነገሩ እኮ ውስብስብ ነው፤» ይላሉ አስተማሪው።

«ጋሼ፣ አጥር ነቅሎ የተያዘ ሁሉ ነገሩ ውስብስብ ነው ይላል።»

አሜሪካ ከሰው አገር በሚገባው ዕቃ ላይ ቀረጥ ጫነች የተባለ ጊዜ አስተማሪው ተናደዱ። እኔ አልተናደድኩም። ሰው የራሱን ገበያ ቢያጥር መብቱ ነው። ግን ያን ሁሉ ዓመት የእናንተን አጥር አፍርሱ እያለ ሲመክረን የነበረው ማን ነው? እኔ የምጠይቀው ይህንን ብቻ ነው። ስለራሳችን አገር ፖለቲካም የምለው ብዙ አልነበረም። ወጣቱ ስልኩ ውስጥ ቁጭ ብሎ ይሳደባል። የሽማግሌ ቃል የሚያቋርጥ ልጅ አገር ያቀናል ብዬ አላምንም። የቆየ ነገር የቆየው ሰው ስለተጠቀመበት ነው፤ ከመጣሉ በፊት ለምን እንደቆየ መጠየቅ ይገባል። ይህን ዛሬም አምናለሁ።

የአውሮፓው ሕግ የመጣው እንዲህ እየተቀመጥን ነው። ዜናው ሲነገር ሰማሁት። ደን ተመንጥሮ በተተከለ መሬት ላይ የበቀለ ቡና አውሮፓ አይገባም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ ገበሬ መሬቱ የት እንደሆነ በካርታ ማሳየት አለበት።

አስተማሪው ደስ አላቸው። «ደን የሚያድን ሕግ ነው እኮ!»

«የእነሱን ደን ማን ጨረሰው?»

«ያ ድሮ ነው፤ እትዬ።»

«የእኛስ ቡና ዛሬ ነው የተተከለው? ከዋንዛና ከሰሳ ዛፍ ሥር ነው ያገኘነው። ጥላውን የሚቆርጥ ገበሬ ቡናውን እንደሚገድል እኛ እናውቃለን። እስከ ዛሬ የጠበቅነውን ደን፣ ጠብቃችሁ እንደሆነ አረጋግጡ ይሉናል። የራሱን ማሳ ያቃጠለ ሰው ለጎረቤት የእሳት ሕግ አያወጣም።»

የዚያን ቀን የቆሙት ሁሉ ሳቁ። እኔም ፍርዴን ወደድኩት። ወድጄው በረንዳው ላይ ብተወው ኖሮ ደግ ነበር።

የእኛ መሬት አጋሮ ነው። ከከተማው ወጣ ብሎ ባለቤቴ ከአባቱ የወረሰው የቡና ማሳ አለን። ከጎኑ ያለው የባለቤቴ እህት፣ የዋርሳዬ ነው። አባታቸው አካፍሎ የሰጣቸው መሬት ነው። እሷም እንደኔ ባሏ ሞቶባታል፤ ዓመቱን የምትኖረው ከዚያች ማሳ በሚለቀም ቀይ እሸት ነው፤ ሌላ ገቢ የላትም። በሁለታችን መካከል ያለው ድንበር ሰርጤ ነው። ሰርጤ ቅጠለ ረጅም፣ ቢቆርጡት መልሶ የሚበቅል ተክል ነው፤ በእኛ አገር ድንበር የሚታወቀው በእሱ ነው። የሁለቱም ወገን ሽማግሌዎች ባሉበት፣ ዱዓ ተደርጎ ይተከላል። ከተተከለ በኋላ የሚነቅለው የለም፤ በመሃሉ ሰንጥቆ የሚያልፍም የለም። ነውር ነው። መሻገር የፈለገ ጫፉ ድረስ ሄዶ ይዞራል።

ከቡና ገበሬዎች ማኅበሩ ስልክ የያዘች ልጅ መሬት ልትዞር የመጣች ቀን እኔ እዚያው ነበርኩ። ትሑት ልጅ ናት። ስልኩን ይዛ በማሳው ዳር ዳር ስትሄድ ካርታው በራሱ እንደሚሠራ አስረዳችኝ።

«ልጄ፣ ደርግ መሬት ለካ፤ ከዚያ ወሰደ። መንደር ምስረታ ተብሎ ተለካ፤ ከቤታችን አስነሱን። ከዚያ በኋላ የመሬት ደብተር እንሰጣለን ብለው ለኩ። የመጣው ሁሉ መጀመሪያ የሚያነሳው ሜትር ነው። አሁን ደግሞ በስልክ ባሕር ማዶ ልትልኪው ነው?»

«እማማ፣ ለሽያጩ ብቻ ነው።»

«ሻጩ ማን እንደሆነ ካወቁ ይበቃቸዋል።»

ልጅቱ አልተከራከረችም። ወደ ዋርሳዬ ዞራ፣ «እርስዎስ?» አለቻት።

ዋርሳዬ እኔን አየችኝ። እሷ ዜና አትሰማም፤ ራዲዮም የላትም። የአገሩን ወሬ የምትሰማው ከእኔ ነው። «እሷ እንዳለችው ይሁን፤» አለች። እኔም፣ «አይሆንም፤» አልኩ፣ በእሷ ፈንታ። ልጅቱ ሄደች፤ ያልኩት ግን በመንደሩ ተወራ።

ቡና ደረሰ። የለቀማው ሰሞን እንደ ልማዴ አጋሮ ወረድኩ። የእኔና የዋርሳዬ ጆንያ በአንድ ጋሪ ተጭኖ ወደ ማኅበሩ ቡና ማጠቢያ ሄደ። ቀይ እሸት አያድርም፤ በተለቀመበት ቀን ካልገባ ይበላሻል። ሰልፉ ረጅም ነበር። የእኛ ተራ ሲደርስ መዛኙ ዝርዝሩን አየና የእኔን ጆንያ በጣቱ ጠቆመ። «ይግባ።» ከዚያ የዋርሳዬን ስም ፈለገ፤ ገለጠ፤ እንደገና ፈለገ።

«እናቴ፣ የሉም።»

«እንዴት የለሁም? ይኸው ቆሜያለሁ።»

ሰው ሳቀ። መዛኙም ሳቀ። «ካርታዎ ነው የሌለው። ያልተዞረ መሬት ቡና ዘንድሮ እንዳትቀበሉ ተብለናል።»

«ስሕተት ነው፤» አልኩ እኔ። «የእኔም አልተዞረም። የእኔን ካስገባህ የእሷንም አስገባ።»

«የእርስዎማ ተዙሯል እማማ። ይኸው፤ የልጅዎ ስልክ ቁጥር ሳይቀር አለ።»

ከኋላዬ አንዲት ሴት ድምፅዋን ከፍ አድርጋ፣ «ኤ! የራዲዮኗ እመቤት! ለእኛ አውሮፓን እየረገመች የራሷን በር ከፍታ ኖሯል!» አለች። ሌላዋ፣ «ብልህ ናት፤ ወላሂ፤» አለች። ሰልፉ ውስጥ እንደ ዋርሳዬ በእኔ ቃል ያላስዞሩ እንዳሉ የገባኝ ያን ጊዜ ነው።

 ዋርሳዬ የጆንያዋን አፍ መልሳ አሰረች። «ማል ጎና፤» አለች፣ ምን እናድርግ እንግዲህ እንደማለት፤ ለማንም አልነበረም። ጆንያዎቿ ተመልሰው ጋሪው ላይ ወጡ። ያንን እሸት ቤቷ ወስዳ የቡና ማድረቂያ አልጋ ላይ አሰጣችው። ከነገለባው ደርቆ ጀንፈል ሲሆን የአገር ውስጥ ነጋዴ ይገዛዋል፤ በሚሰጣት ዋጋ ዓመቱ አይሞላም።

የእኔ ሚዛን ላይ ወጣ። ቆሜ አየሁት። መናደድ ነበረብኝ፤ ማፈርም ነበረብኝ። ምንም አልመጣልኝም። ተኝተውበት እንደደነዘዘ ክንድ ሆንኩ፤ የእኔ እንደሆነ አውቃለሁ፣ ግን አይሰማኝም።

ጅማ ስገባ ልጄ ራት እየበላ ነበር።

«መሬቱን አንተ ነህ ያስዞርከው?»

አልደበቀም። «እኔ ነኝ። ጅሬን ሰፈር ለቅሶ የሄድሽ ጊዜ።»

«እኔ አይሆንም እንዳልኩ ታውቃለህ።»

«አውቃለሁ። አንቺ ለአገር ፈረድሽ፤ እኔ ለቤታችን አሰብኩ። ልጆች አሉኝ፤ እማ።»

«አክስትህስ?»

መጉረሱን አቆመ። «እሷ አንቺን ሰማች። ለእሷ ብነግራት ለአንቺ ትነግርሽ ነበር።»

ሚስቱ ድምፅ ሳታሰማ ሳህኑን አነሳች። ልጄ ክፉ አይደለም። የተናገረውም ሐሰት አልነበረም። 

በማግሥቱ በረንዳው ላይ ራዲዮኑን ከፈትኩ። ስለ ጦርነት ተነገረ፤ ስለ ምርጫም ተነገረ። አንድ መሪ ሌላውን ሰደበ። አስተማሪው ጠበቁኝ።

«እትዬ፣ ዛሬ ፍርድ የለም?»

«ፍርድ ቤቱ ዝግ ነው።»

ቀልድ መስሏቸው ሳቁ። እንዲህ ብዙ ቀን አለፈ። ዜናው በጆሮዬ ገብቶ ይወጣል። ሰዎች የሚሞቱባቸው አገሮች ስም ሲጠራ፣ የት እንደሆኑ እንኳ አስተማሪውን መጠየቅ ተውኩ። እሰግዳለሁ፤ የምበላውንም እበላለሁ። ሌሊት አልነቃም፤ አላለቅስም። ባለቤቴ የሞተ ጊዜም እንዲህ ነበርኩ፤ ሴቶቹ፣ «ጠንካራ ናት፤» አሉኝ። ጥንካሬ አልነበረም።

ግን ባይሰማኝም አንድ ነገር አውቅ ነበር፤ ለቀማው አላለቀም። የተመለሰባት የመጀመሪያው ዙር ነው እንጂ ዋናው እሸት ገና ዛፍ ላይ ነው። ከዚያ በፊት መሬቷ ከተዞረ ዝርዝር ውስጥ ትገባለች። ሚኒባስ ይዤ አጋሮ ወረድኩና ማኅበሩ ቢሮ ሄድኩ። ያባረርኳት ልጅ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጣለች። አወቀችኝ፤ ግን አላሳፈረችኝም።

«የዋርሳዬን መሬት ዙሪላት።»

«ራሳቸው መጠየቅ አለባቸው፤ እማማ። ሌላ ሰው አይሆንም።»

ልክ ነበረች። ዋርሳዬ ቤት ሄድኩ። አልጋው ላይ ያለውን ጀንፈል በእጇ እያገላበጠች ነበር፤ ቀና አላለችም።

«ልጅቱን አነጋግሬልሻለሁ። ዛሬ ትመጣለች።»

«ማን አነጋግሪልኝ አለሽ?»

ጀንፈሉን ማገላበጧን ሳታቆም ቀጠለች።

«አይዞርም ያልሽው አንቺ። ይዞራል የምትይውም አንቺ። የእኔ አፍ የት ሄዶ ነው?» እጇን ከጀንፈሉ አነሳች። «እኔን የቆጨኝ ቡናው አይደለም። ልጅሽ ነግሮሽ ነበር ወይ ብዬ ሰው ስጠይቅ አላወቀችም አሉኝ፤ እሱንም አመንኩ። የቆጨኝ፣ አይሆንም ስትዪ ወደ እኔ ዞረሽ እንኳ አለማየትሽ ነው።»

«ልክ ነሽ።»

«ልክ ነኝ።» ነጠላዋን አስተካከለች። «አሁን ልጅቱን እኔ እጠራታለሁ። አንቺ ከፈለግሽ ተከተይ።»

ልጅቱ መጣች። ዋርሳዬ ስልኩን ራሷ ያዘች። እኔ ከኋላ ሆኜ ማሳውን በሙሉ ዞርን። ሰርጤው ጋ ስንደርስ ዋርሳዬ በራሷ በኩል፣ ተክሉን እየታከከች ሄደች። ሲያልቅ ልጅቱ ስልኩን ተቀብላ አየችውና ፊቷ ተለወጠ።

«አይቀበልም። ከእርስዎ መሬት ጋር ተደራርቧል፤» አለችኝ።

አሳየችን። ሁለት መስመር አለ። የእኔ መስመር ከሰርጤው አልፎ ዋርሳዬ ማሳ ውስጥ ገብቷል፤ እንደ መቀነት ረጅምና ጠባብ መሬት ወስዷል። እዚያ መሬት ላይ ያለው የአማቴ እጅ ተክሎት ያረጀ ቡና ነው፤ ከሁሉም የሚያፈራው እሱ ነው።

እንዴት እንደሆነ ለማወቅ አልተቸገርኩም። በሰርጤው በእኛ በኩል ጥሻ ነው፤ መረማመጃ የለውም። የእግር መንገዱ ያለው ከሰርጤው ማዶ፣ ከዋርሳዬ አሮጌ ቡና ወዲያ ነው። ልጄ ድንበሩን ተከትለህ ዙር ሲባል እንደ አካባቢው ሰው ሁሉ በመንገዱ ሄዷል። ሰርጤው መሃል ገብቶ መርገጥ በሐሳቡም አልመጣም። ነውርን ፈርቶ ነው የሰው መሬት የወሰደው። ስልኩ ይህን አያውቅም፤ የረገጠውን ሁሉ የእኛ ነው ብሎ ጻፈ።

እኔ በረንዳ ላይ ድንበር ገፊ እያልኩ የፈረድኩባቸው አገሮች ነበሩ።

ልጄን በስልክ ጠራነው። ሁሉም እንዲሰማው ልጅቱ ድምፁን ከፍ አደረገችው። «ቀላል ነው እኮ፤» አለ። «አክስቴ ያ ጠባብ መሬት የእኛ ነው ብላ ትፈርም። ወረቀት ብቻ ነው። ሁለታችንም ዛሬውኑ እናልፋለን። መሬቱን ማን ይነካባታል?»

«ሌላ መንገድ የለም?» አልኳት ልጅቱን።

«የእርስዎን ካርታ ማጥፋት ነው። ከጠፋ የእሳቸው ያልፋል። የእርስዎ ግን አንዴ ስለጠፋ እንደገና ተዙሮ ማጣሪያ ይገባል፤ ለዚህ ለቀማ አይደርስም።»

«እማ፣ እንዳታደርጊው!» አለ ልጄ ከስልኩ ውስጥ። «የልጆቹ ትምህርት ቤት አለ!»

ዋርሳዬ ደክሟታል። «እፈርማለሁ፤» አለች። «የወንድሜ ልጅ ነው፤ አይበላኝም። ቡናዬ ይለፍልኝ ብቻ።»

«አጥፊው፤» አልኳት ልጅቱን።

ዋርሳዬ ወደ እኔ ዞረች። «ይኸው! አሁንም አንቺ ልትወስኚ?»

«ያንቺን አልነካሁም። መፈረም ከፈለግሽ ፈርሚ፤ እጅሽን አልይዝም። እኔ የማጠፋው የራሴን ነው። ልጄ አይበላሽም። የልጄ ልጆች ግን ሰርጤውን አያዩም፤ ወረቀቱን ነው የሚያዩት።»

ከስልኩ ውስጥ የልጄ ትንፋሽ ይሰማል። ዋርሳዬ ዞራ ሰርጤውን አየች። ከዚያ ለልጅቱ፣ «አልፈርምም። የእሷን አጥፊው፤» አለች።

ልጅቱ ማጥፋቴን የሚገልጽ ወረቀት ሰጠችኝ። አንብቤ ፈረምኩ፤ በመሠረተ ትምህርት የተማርኩትን ስሜን ጻፍኩ። ቅር አላለኝም፤ ደስም አላለኝም። ወረቀቱ ላይ ያለውን እጄን የሌላ ሰው እንደሆነ አድርጌ አየሁት።

ዋናው ለቀማ ሲደርስ የእኔ እሸት አልጋ ላይ ተሰጣ። ልጄ ለሰላምታ ካልሆነ በቀር አያናግረኝም ነበር፤ ዘንድሮ ልጆቹን ከግል ትምህርት ቤቱ አስወጥቷቸዋል። ይህም የእኔ ሥራ ነው፤ እሱንም እጽፈዋለሁ። በእኔ ቃል ያላስዞሩትን ሌሎች በየደጃቸው ሄጄ፣ «ተሳስቻለሁ፤ እንደፈቀዳችሁ አድርጉ፤» አልኳቸው። ሰልፉ ላይ የሰደበችኝ ሴት በሩን ሳትከፍት ሰማችኝና፣ «እግርሽ ከምላስሽ ዘግይቶ ይደርሳል፤» አለች። እውነቷን ነው። ስለ አውሮፓ የነበረኝን ሐሳብ ግን አልለወጥኩም። ሕጉ ዛሬም ፍትሐዊ አይመስለኝም። የእኔ ጥፋት ሌላ ነው።

ዋርሳዬ ቡናዋን ያስገባች ቀን አብሬ ሄድኩ። መዛኙ ዝርዝሩን አየ። «አሁንስ አሉ፤» አላት። ሰው እንደገና ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ጆንያውን ስታነሳ አንዱ ጫፍ ከበዳትና፣ «ያዥልኝ፤» አለችኝ። ያዝኩላት።

ለቀማው አልቆ ብዙም ሳይቆይ በረንዳው ላይ ተቀምጠን ራዲዮው ዜናውን ተናገረ። የአውሮፓው የደን ሕግ ተግባር ላይ የሚውልበት ጊዜ እንደገና ተራዝሟል። አስተማሪው ከዘራቸውን መሬት ላይ መቱ።

«ሰሙ፣ እትዬ? ተራዘመ እኮ! ያ ሁሉ ግርግር ለምንም! ያንን ሁሉ ቡና ጀንፈል ያደረጉት በከንቱ ነው ማለት ነው።» ዞረው አዩኝ። አንድ ባጃጅም ፍጥነቱን ቀንሶ ቆሟል። «በሉ፣ ዛሬስ ፍርድ ቤቱ ይከፈት። ምን ይላሉ?»

ውስጤን ፈለግሁት። ለወትሮው በዚህች ሰዓት የሚመጣልኝ ቃል አለ። የመጣው ግን ሌላ ነበር።

«ለዋርሳዬ ገና አልነገርኳት፤» አልኳቸው። «ነገ አጋሮ ወርጄ እሷ ምን እንደምትል እጠይቃታለሁ።»

ባጃጁ ሄደ። ዜናው ወደ ሌላ አገር ተሻገረ፤ እኛም እሱን መስማት ቀጠልን።